ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር

ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ ለምጥን፤

ደህንነትሽን ሳልጠይቅ ወደ ነገሩ አልገባም። ደህና ነሽ? አዲሱ ቢሮሽ ይሞቃል ወይስ እንደ እኛ ጣቢያ ግድግዳው ላብ ያልበዋል? እኔ አለሁ። የግራ ጆሮዬ ከክረምት ወዲህ አይሰማም፤ የቀኙ ለሁለት ይበቃል። አክስትሽ ካረፈች በኋላ ቤቱ ሰፍቶብኝ ሁለቱን ክፍል ዘግቼ በአንዱ እኖራለሁ። ሌላ ወሬ የለም።

ደጋግመሽ ደውለሽ እንዳላነሳሁ ጽፈሻል። አውቄ ነው። የመዝገብ ጉዳይ በስልክ አይወራም። አሁን በጽሑፍ ስለጠየቅሽኝ በጽሑፍ እመልሳለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተረኛው ፖሊስ መንገድ ላይ ሰው አስቁሞ ሲፈትሽ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ሰዓቱንና ያስቆመበትን ምክንያት በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል። ፈረቃው ሲያልቅ ብጣሹን ለእኔ ያስረክባል። እኔ ወደ ዋናው መዝገብ እገለብጠዋለሁ። ብጣሹ በወሩ መጨረሻ ይቃጠላል፤ መመሪያው እንደዚያ ነበር የሚለው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ መዝገቤ ላይ አንድ ስርዝ፣ አንድ ድልዝ የለም። ካገኘሽ ገጹን ጻፊልኝ።

እኔ አራተኛ ክፍልን እንኳ እንዳልጨረስኩ ታውቂያለሽ። ማንበብ ያስተማረኝ ሱቅ ውስጥ ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ኮሌጅ የበጠሱት ልጆች ዶሮ የጫረችው የሚመስል ነገር ሲያመጡልኝ፣ ሰው እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ይህንንም ለአለቆችሽ ንገሪያቸው።

በርቺ።
ጋሼሽ

ጥቅምት 19

ጋሼ፤

ሐኪም ቤት ይሂዱ ብል እንደማይሄዱ ስለማውቅ አላልኩም። ግን በግራ በኩል መኪና ሲመጣ ዞር ብለው ይዩ። ይህንን ያህል እንኳን እሺ ይበሉኝ።

ስለ ቢሮዬ ጠይቀውኛል። ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አራት ነን። የተቋቋመው የድልድይ ማዶ ሰፈር ሰዎች "ፖሊስ ሌላውን እያሳለፈ እኛን ያስቆማል" ብለው ለዓመታት ከጮኹ በኋላ ነው። የየጣቢያውን መዝገብ እናስመጣና እንቆጥራለን፤ ከቆሙት ስንቱ ማዶ እንደሚኖር፣ ለምን እንደቆመ፣ ተፈትሾ ምን እንደተገኘበት። የቆመው ባደረገው ነገር ነው ወይስ በማንነቱ? የምንፈልገው ይህችን ነው። በወር አንድ ቀን ደግሞ ማዶ ሄደን ከነዋሪው ጋር እንቀመጣለን። የመጀመሪያ ቀን ወንበሮቹን ለእኛ ለቀው እነሱ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። "ኧረ ተቀመጡ" ስንላቸው አንዲት ሴትዮ "ግድ የለም፣ መቆሙን ለምደነዋል" አለች። እነሱ ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

ከሠላሳ ሁለቱ ጣቢያዎች የጠራው መዝገብ የእርስዎ ነው። የፖሊስ ኮሚሽኑ አርአያ ብሎታል፤ ለስልጠና ሊያባዛው ነው። ከማዶ ብዙ ሰው ቆሟል፤ ግን ለእያንዳንዱ ሕጋዊ ምክንያት ተጽፎለታል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። አንድ ቁልፍ ሠሪ አለ። በአሥር ዓመት ውስጥ ዘጠኝ የተለያዩ ፖሊሶች ሠላሳ አንድ ጊዜ አስቁመውታል። ሠላሳ አንዱም ላይ "ለመስበሪያ የሚያገለግል መሣሪያ ይዞ በአጠራጣሪ ሁኔታ ሲንቀሳቀስ" ይላል። ዘጠኝ ሰው በአንድ አፍ አይናገርም፣ ጋሼ። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ይህ አባባል አብሮዎት ጡረታ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የትም አይገኝም።

ሰውየው የቁልፍ ሥራ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ምዝገባ ከሃያ በላይ ካለበት አይታደስም። አሥራ አንዱ ካልተሰረዘለት ሱቁ ታኅሣሥ ሠላሳ ይታሸጋል። አቤቱታውን ያቀረበው ለእኛ ነው፤ እኛ ደግሞ የእርስዎን መዝገብ ከፍተን "ምክንያት ነበረ" ከማለት ውጪ መልስ የለንም።

ብጣሾቹ ላይ የነበረው ምንድን ነው?

ምጥን

ኅዳር 2

ለምጥን፤

አሥር ቀን ያዘገየሁት ስላመመኝ አይደለም። ተናድጄ ነው። አሁን በርዶልኛል።

ዘጠኝ ሰው በአንድ አፍ አልተናገረም። በአንድ እጅ ነው የተናገረው፤ በእኔ። ብጣሾቹ ላይ "ማዶ ነው" ይላል። "ሳጥን ይዟል" ይላል። "አስተያየቱ ደስ አላለኝም" ይላል። አንዱ "ያው እሱ ነው" ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል። ይህ መዝገብ ላይ ይጻፋል? የመንግሥት መዝገብ ነው። ቋንቋው የመሥሪያ ቤት መሆን አለበት። ስለዚህ የቁልፍ ሳጥኑን "ለመስበሪያ የሚያገለግል መሣሪያ" አልኩት። ውስጡ ሞረድ፣ ካቻቪቴና ሽቦ ነው፤ ቁልፍ ይሰብራል፣ አልዋሸሁም። "ደስ አላለኝም" የሚለውን "አጠራጣሪ ሁኔታ" አልኩት። ማንም አላዘዘኝም። አለቃ ግባ ብሎኝ፣ ጻፍ ብሎኝ አይደለም። ጽሑፉ እንዲያምር ነው። የሆነውን ነው የምጽፈው።

ባለፈው እሑድ ኮማንደሩ መጣ። የድሮ የጣቢያ አዛዤን ማለቴ ነው፤ እሱም ጡረተኛ ነው። ብርቱካን ይዞ ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"የእህትህ ልጅ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ጎበዝ ናት አሉ። ነገር ትቆፍራለች አሉ።"

"ደመወዝ የሚከፈላት ለዚያ ነው።"

"አንተ ግን አይከፈልህም። አካፋ የሚያሲዝህ ምንድን ነው?" ብሎ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስማኝ ወንድሜ፤ ከጠሩህ አላስታውስም በል። በእኛ ዕድሜ ማን ይፈርድብሃል? ያንን ጆሮህን ይዘህ አልሰማሁም ብትላቸውም ያምኑሃል" አለኝ።

"የማልሰማው በግራ ነው። አንተ የተቀመጥከው በቀኝ ነው" አልኩት።

ብርቱካኑን ትቶ ሄደ። ጎምዛዛ ነው።

እመሰክራለሁ አላልኩሽም። አልመሰክርምም አላልኩሽም።

ጋሼሽ

ኅዳር 15

ጋሼ፤

ይህንን ደብዳቤ ለመጀመር ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። እርስዎ ቢያዩኝ ወረቀት በነፃ የሚመጣ ይመስልሻል ይሉኝ ነበር።

ያለፈውን ደብዳቤዎን ለአለቃዬ አሳየኋት። ሳላስፈቅድዎት ነው፤ ይቅርታ። ዝምድናችንንም አስመዘገብኩ፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ እንደሆኑ ጭምር። ይህ ከመጀመሪያው መደረግ ነበረበት። ለምን እንዳዘገየሁትም ጠየቀችኝ። ፋይሉ ከእጄ ወጥቶ ለባልደረባዬ ተሰጥቷል፤ መነጽር ያደርጋል፣ ወጣት ነው፣ ሥራውን ያውቃል። ጠርቶ ቃልዎን ይቀበላል። ካልፈለጉ መምጣት የለብዎትም፤ የሚያስገድድዎት የለም።

ከዛሬ ጀምሮ ስለ መዝገቡ እኔ ልጠይቅዎት አልችልም። ስለ ጤናዎ ብቻ ነው የምጠይቀው።

ጤናዎ እንዴት ነው?

ምጥን

ታኅሣሥ 5

ለምጥን፤

ጤናዬ ደህና ነው።

አንቺ አትጠይቂ እንጂ እኔ እንዳልነግርሽ የከለከለኝ ሰው የለም። ባለ መነጽሩ ጠራኝና ሄድኩ። ያስቀመጠኝ ወንበር ለስላሳ ነው፤ ለምስክር አይሆንም፣ ሰው ያስተኛል። ሠላሳ አንዱን መስመር አንድ በአንድ እያነበበ "ብጣሹ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?" ይለኛል። የሰባቱን አስታወስኩ። ቃል በቃል ነገርኩት፤ ጻፈ፤ ፈረምኩ። የሌሎቹን አላስታወስኩም።

"አባቴ" አለኝ፣ "ሁሉም ያው እንደነበሩ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። 'ሌሎቹም ተመሳሳይ ናቸው' ብለው አንድ መስመር ይፈርሙና ሰውየውን እንገላግለው።"

"ያላየሁትን አሳምሬ መጻፌ ነው ለዚህ ያበቃኝ። አሁን እሱኑ ድገመው ነው የምትለኝ?" አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ መነጽሩን ጠረገ። ክፉ ልጅ አይደለም።

አራት ይጎድል ነበር። እኔ ባላስታውስ የጻፉት ያስታውሳሉ ብዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስቱ ከአገር ወጥተዋል። አንዱ በመስኮት አይቶኝ መጋረጃውን ዘጋ። ሁለቱን አገኘኋቸው።

ረጅሙ አሁን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። ሲያየኝ፣ "ሳጅን! አለህ እንዴ? እኔ እኮ ቀብርህ ያመለጠኝ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

"ቀብሬ ሲደርስ እጠራሃለሁ። ቁልፍ ሠሪውን ታስታውሰዋለህ?"

"ማነው የማያስታውሰው? ሁለት ቀን ትዝ ይለኛል። አንዱ ቀን ዝናብ ነበር፤ እሱ የቆመበት ጣሪያ ሥር እኔም መጠለል ፈለግሁ። ዝም ብዬ ከምቆም ፈተሽኩት። በሌላው ቀን ደግሞ ኮማንደሩ ቁጥር አነሰ ብሎ ጮኾብን ነበር።"

"ምን ቁጥር?"

"ውይ ሳጅን! አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ ብጣሽ ስትቆጥር ከሰማይ የሚወርድ ይመስልህ ነበር? በቀን አምስት ሰው ማስቆም ነበረብን። እዚህ ብታስቆም አንዱ ዳኛ ያውቃል፣ አንዱ ጋዜጠኛ ነው፣ ያስጮኽሃል። ማዶ ከተሻገርክ በሩብ ሰዓት ይሞላል። ማንም ለምን አይልህም።"

ሃያ ስድስት ዓመት ብጣሹን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የአምስቱን ነገር አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁም።

ሁለተኛዋ ያቺ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጠው ናት። ሥራውን ትታ ልብስ ትሰፋለች። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "አንድ ጊዜ ነው ያስቆምኩት። ጫማው አዲስ ነበር። ከየት አመጣው ብዬ ነው" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "የምፈርመው የት ላይ ነው?"

ሦስት ተጨመረ። አሥር ሆነ።

ከዚያ ማዶ ተሻገርኩ። ጣቢያው ከድልድዩ ሥር ሆኖ ሳለ ድልድዩን በእግሬ ስሻገር ይህ የመጀመሪያዬ መሆኑን መሐል ላይ ስደርስ ነው ያወቅሁት። ሱቁ የልብስ ቁም ሣጥን ያክላል። ቁልፍ ሠሪው ሞርሳው ላይ አንድ ቁልፍ አስሮ ይሞርዳል።

"ቁልፍ ነው?"

"አይደለም።"

"በር ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲህ ለወሬ ወንበር የለኝም" ብሎ ቀና አለ። አየኝ። "አውቅዎታለሁ።"

"ከጣቢያው ነው" አልኩት።

"ከዚያ በፊት ነው።" ሞረዱን አላቆመም።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ማን እንደፈረመ፣ ስንት እንደሆነ። ሰምቶ ሲጨርስ የብረቱን ዱቄት በትንፋሹ እፍ አለው።

"አሥር" አለ። "አንድ ይጎድላል ማለት ነው።"

"አንድ ይጎድላል።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎት? አብሬዎት ልፈልግ?"

እንደ መጣሁት በእግሬ ተመለስኩ። ጉልበቴ ትንሽ አብጧል፤ ለዚህ ሐኪም አያስፈልግም።

ጋሼሽ

ታኅሣሥ 16

ጋሼ፤

ጉልበትዎን ከፍ አድርገው ይቀመጡ፤ ትራስ ከሥሩ ያድርጉበት። ወደ ቤት ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ፋይሉ እስኪዘጋ ባትሄጂ ይሻላል አሉኝ። ልክ ናቸው።

ለሁሉም ጣቢያ የተላከና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ስለሆነ ይህን ልነግርዎት እችላለሁ። ከጥር አንድ ጀምሮ ያስቆመው ፖሊስ ምክንያቱን እዚያው በቆመው ሰው ፊት በራሱ እጅና በራሱ ቃል ይጽፋል። የካርቦኑ ግልባጭ ለቆመው ሰው ይሰጠዋል። በቀን ይህን ያህል ሰው አስቁም ብሎ ማዘዝ ተከልክሏል። የፖሊሱን ምክንያት ማንም ሰው መልሶ አይገለብጥም፣ አያርምም፣ አያሳምርም። የመዝጋቢ ወንበር ቀርቷል። የእርስዎን መዝገብ ለስልጠና ማባዛቱም ቆሟል፤ ወይም ይባዛል፣ ግን ለሌላ ነገር። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

እዚያው ሰሌዳ ላይ የቁልፍ ሠሪው ውሳኔም አለ። አሥሩ ተሰርዟል። ሃያ አንድ ቀርቷል።

ስለ እሱ ምንም አልጠየቅሁዎትም።

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?

ምጥን

ታኅሣሥ 30

ለምጥን፤

ጉልበቴ ተሽሎታል። ዛሬ ጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ ነበር። ሱቁ ክፍት ነው። በሩ ላይ አዲስ የፈቃድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማኅተሙ ከመንገዱ ማዶ ይታያል። ሁለት ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። አልገባሁም።

አሥራ አንደኛው እንደተገኘ ሰሌዳው ላይ አይተሻል፤ ግን ሰሌዳ የሚጽፈው ቁጥሩን ብቻ ነው። ቀሪውን ከእኔ ማወቅ ይገባሻል።

ያስቆመው ፖሊስ ስም ለብቻው ዓምድ አለው። ስለዚህ ከዘጠኙ አንዱ ማን እንደሆነ ገና መዝገቡን የከፈትሽ ቀን አይተሻል። በስልክ ልትጠይቂኝ የነበረው እሱን ይሆናል፤ በጽሑፍ ግን አልጠየቅሽኝም። ባለ መነጽሩም "ብጣሹ ላይ ምን ነበር?" ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ ያኛው ብጣሽ አልነበረውም። የተጠየቅሁትን ብቻ መለስኩ። ሕይወቴን ሙሉ ይህን ትክክል ነው ስል ኖሬያለሁ።

የቤታችን የውጭ በር ቁልፍ ተበላሽቶ አክስትሽ ያንን ሰው ጠርታ አሠራችው። ከሠላሳ አንዱ የመጀመሪያው ያ ቀን ነው። ለሥራ ልወጣ የደንብ ልብሴን ለብሼ ደጅ ቆሜ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሳጥኑን ይዞ ከግቢያችን ወጣ፤ አመስግኜው ተጨባበጥን። እጁን ገና ሳልለቅ የኮማንደሩ መኪና መጥታ አጠገባችን ቆመች። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ይሄ የማዶ ሰው ከአንተ ቤት ምን ይሠራል?" አለኝ።

"በር ሠርቶልኝ ነው" ማለት እችል ነበር። ሦስት ቃል ነው።

እጁን ለቀቅሁና "ሳጥኑን ክፈት" አልኩት። ከፈተ። አስፓልቱ ላይ አንድ በአንድ ደረደረው። አክስትሽ ለእሱ ያመጣችውን ውሃ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኮማንደሩ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ጣቢያ ስገባ ብጣሽ ስለሌለኝ ቃሉን ከራሴ አወጣሁት። ያ "ለመስበሪያ የሚያገለግል መሣሪያ" የሚባለው ነገር የተጻፈው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ብጣሽ ይዘው በመጡ ቁጥር ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር።

አክስትሽ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ለዓመታት አንድ ማዕድ ቀርበን አላነሳችብኝም። አሁን የምታነሳው ብትሆን ጥሩ ነበር።

ባለ መነጽሩ ዘንድ ሄጄ ይህንን ስነግረው "ቢፈርሙበት ስምዎ ከአስቆሚዎቹ ጋር ይወጣል፤ አርአያ የተባለበት ደብዳቤም ይሰረዛል" አለኝ። ስሙ ድሮም እዚያው ነው አልኩት። ስለ ሰውየው ምን እንደሚሰማኝ ልጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለዚያ ዓምድ የለውም አልኩት። አዲሱን ቅጽ ሰጠኝ፤ በራስ እጅ፣ በራስ ቃል የሚሞላውን። ግልባጩን ለቆመው ሰው ልከውለታል። ሌላ ግልባጭ ስለማይሰጡ እንደጻፍኩት እጽፍልሻለሁ።

የቆመው ሰው ሥራ፦ ቁልፍ ሠሪ።
ከፍተሻው የተገኘ፦ የሥራ ዕቃ።
ምክንያት፦ ከቤቴ ሲወጣ አለቃዬ አየው። አፈርኩ።
ያስቆመው፦ እኔ።
የመዘገበው፦ እኔ።